ጠዋት ጠዋት የሚጎድለው ኩላንት

አብዱልሰላም የኩላንት፣ የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ባዶ ዕቃ ሳይበሳ አይጥልም። ቢላዋ ይዞ ይወርድና ሁለት ቦታ ወግቶ ነው ወደ ቆሻሻው የሚወረውረው። «አለዚያ ቀለም የተነከረ ውሃ ሞልተው መልሰው ለእኔው ይሸጡልኛል» ይላል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ።

ሰው ጠርጣሪ ሆኖ አይወለድም። አባቱ ከደሴ አሰብ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ያኔ መኪና የሚጠጣው የወንዝ ውሃ ነበር፤ ዳገት ላይ ሲፈላባቸው ረዳቱ ጣሳ ይዞ ይወርዳል፣ መንገደኛውም ያግዛል። እኔም በልጅነቴ በዚያ መንገድ ስጓዝ አይቻለሁ። ውሃው ከማን እጅ እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም። አብዱልሰላም ግን ሹፌር የሆነው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ መኪናውን አንድ ጋራዥ አሳድሮ ሲመለስ፣ ደህናውን ዲናሞ ፈትተው በአሮጌ ለውጠው ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ መካኒክ ሲሠራለት ምሳውን እንኳ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚበላው።

በነዳጅም በባትሪም የምትሄደውን ሀይብሪድ መኪናውን ሲገዛ ጥርጣሬው ባሰበት። የእሷ ኩላንት ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ሌላው የባትሪውን ኃይል የሚቀይረውን ክፍል። ኮፈኑ ሲነሣ ሁለት ነጫጭ የፕላስቲክ ዕቃዎች ይታያሉ። ሻጮች «አረንጓዴውም ሮዙም ያው ነው፣ ልዩነቱ ቀለሙ ነው» ሲሉት አላመነም፤ መመሪያዋ ላይ የተጻፈው ዓይነት እስኪገኝ ገርጂን ሱቅ በሱቅ አካለለ። በመጨረሻ ሮዝ የሆነውን፣ ውሃ የማይጨመርበትን፣ ማኅተሙ ያልተነካውን ይዞ መጣ።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲገባ የሚስቱን የፈዲላን የጥፍር ቀለም ወሰደና በሞተሩ ዕቃ ላይ ኩላንቱ የደረሰበትን ልክ አሰመረ። ጠዋት ሲያየው ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። እስከ መስመሩ ሞላው። ማታ ሲመለስ ደግሞ ከመስመሩ አልፎ ወጥቷል፤ ትርፉን እስከ መስመሩ ቀድቶ ደፋው። ለዚህም መልስ አላጣም።

«ሌባው ነቅቶብኛል!» አለኝ ደረጃው ላይ። «ሌሊት ይቀዳል፣ ለምሳ ስገባ ደግሞ እንዳይታወቅበት ውሃ ይጨምርበታል።»

«ሁለተኛው ዕቃስ?»

«እሱማ ንክች አላለም። ሌባው አዋቂ ነው።»

ከመኪኖቹ ጋር የሚያድሩት ጥበቃችን ጋሽ ላጲሶ ብቻ ናቸው። ግቢው ሰው ሳይገባበት ጀምሮ የነበሩ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ መኪናውን ሲያጥብ አብዱልሰላም ኮፈኑን ከፍቶ ጮኸ።

«ና ወዲህ! እዚህ የነበረው የት ገባ?»

ጋሽ ላጲሶ ዙሪያቸውን አዩ። «እኔን ነው አንተ የምትለው?»

«መኪናዬ አጠገብ የሚያድር ሌላ ሰው አለ?»

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ምን ላደርገው? እንዳልጠጣው!»

«ጭማቂ ይመስላል እኮ ጋሼ!» አለ አንዱ ከወዲያ። ሳቅ ሆነ። ግን የሳቀው ሁሉ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጄሪካን ሰረቅ አድርጎ አየ። እኔም አየሁ።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወይዘሮ አፀደ ነገሩን ለሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ አቆየችው። «እውነት ከሆነ ሌላ ጥበቃ እንቀጥራለን» አለች። ጋሽ ላጲሶ ከዚህ ከወጡ የሚገቡበት የላቸውም፤ የጥበቃ ቤቱ ቤታቸውም ነው።

አብዱልሰላም በሳምንቱ መሐል መኪናዋን ይዞ ገርጂ፣ ወንድሙ ሰዲቅ ዘንድ አደረ። ግንቡ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ ቁልፉ በአብዱልሰላም ኪስ። ጠዋት ኮፈኑን አነሣ። ጎድሏል። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው።

«ምን ታየኛለህ?» አለ ሰዲቅ። «እኔ ሰረቅሁህ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ዓይንህ ብሏል። ለመሆኑ ይሄን መስመር መቼ ነው ያሰመርከው?»

«ማታ፣ ከሥራ ስገባ።»

«ሞተሩ እንደጋለ?»

«ታዲያስ!»

«በል አስነሣት።»

አስነሣት። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቆይቶ ሞተሩ በራሱ ተነሣ። ሁለቱ ወንድማማቾች አጎንብሰው ጠበቁ። ሮዙ ፈሳሽ፣ ማንም ሳይጨምርበት፣ ቀስ እያለ እስከ ጥፍር ቀለሙ ወጣ። ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይወርዳል። ሁለተኛው ዕቃ ያን ያህል ስለማይግል ብዙም አይነቃነቅ። በዕቃው ጎን፣ መኪናዋ ቀዝቅዛ ስታድር ፈሳሹ የሚለካባቸው ሁለት የልክ መስመሮች ከፋብሪካው ተቀርጸው ነበር። አብዱልሰላም የፋብሪካውንም መስመር አላመነም ነበርና የራሱን አሰመረ።

የዚያኑ ቀን ብርቱካን ይዞ ጥበቃ ቤቱ ገባ። «ጋሽ ላጲሶ፣ ተሳስቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የሰደብከኝ ውጭ ነው» አሉት ብርቱካኑን ሳይነኩ። «ውጭ ንገረኝ።»

እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሥቶ ተናገረ። መስመሩን፣ ሙቀቱን፣ ወንድሙን መጠርጠሩን ሳይቀር ተናገረ። «ሌባው ብርዱ ነዋ!» ብሎ የቀለደም አልጠፋ። ወይዘሮ አፀደ «እንግዲህ ጋሽ ላጲሶ፣ ሥራዎ ላይ ነዎት» ብላ ልትዘጋ ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ግቢውን እጠብቃለሁ። የእሱን መኪና ግን አልጠብቅም።»

«ይቅርታ ጠየቅሁ እኮ ጋሼ!» አለ አብዱልሰላም።

«እኔም ይቅር ብያለሁ። ነገ ነዳጁ ቢጎድል፣ ከነገ ወዲያ ጎማው ቢተነፍስ፣ ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። እጄን የት እንደማደርገው እያሰብኩ ማደር አልችልም።»

ማንም ሊያግባባቸው አልቻለም። አሁን ሲመሽ ጋሽ ላጲሶ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው መኪኖቹን አንድ በአንድ ያያሉ፤ ሀይብሪዷ ጋ ሲደርሱ መብራቱን መሬት ላይ አድርገው ዞረው ያልፏታል። ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አብዱልሰላም መስኮት ከፍቶ ቆሟል። መኪናውን ራሱ ይጠብቃል።