ዳማከሴው ያጋለጠው ሰዓት

ቲቸር እንቁ አዳማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ሁለት ጊዜ የጣሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ዛሬ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ጎረቤታቸውም ነኝ፤ ፈተናው ግን አላለቀም። እናታቸውን ስትሮክ ስለወሰደባቸው በተሳፈሩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው።

"አንጎል ደም ሲቋረጥበት ምን ይሆናል?"

"ኦክስጅን የለም፣ ስለዚህ ሴሉ ኃይል ያጣል። በሩን መጠበቅ ሲያቅተው ካልሲየም ይጎርፍበታል። ከዚያ ራሱን በራሱ ይበላል፤ ዲኤንኤው ሳይቀር ይቆራረጣል።"

"በስንት ጊዜ?"

"በደቂቃዎች ይጀምራል ቲቸር።"

"ታዲያ ንዳው፣ ቀርፋፋ!"

ባለቤታቸው ጋሽ አብተው ግን የራሳቸው ሳይንስ አላቸው። ለእሳቸው ራስ ምታቱም፣ ጉንፋኑም፣ የጎረቤት ኩርፊያም ሳይቀር ምች ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ጓሯቸው ያለው ዳማከሴ ነው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጮኸው ጠሩኝ። ስገባ ቲቸር ወንበር ላይ ዘመም ብለዋል። አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሏል፣ ፊታቸው በዳማከሴ ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል። መናገር አቅቷቸው በግራ እጃቸው የግድግዳውን ሰዓት ይጠቁማሉ።

"ምች ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳትሸፈን ወጥታ ነው" አሉ ጋሽ አብተው፣ ቅጠሉን በመዳፋቸው እንደያዙ።

እኔ የወደቅኩበት ትምህርት ቢሆንም ስትሮክ መሆኑን አላጣሁትም። ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸውና ነዳሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ሃዊም የቲቸር ተማሪ ነበረች፤ ያለፈች። የረጋውን ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት እንዳለ ነገረችን። የሚሰጠው ግን ሕመሙ ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው፤ ካለፈ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

"መቼ ጀመራቸው?"

"አሁን! አሁን ነው!" አሉ ጋሽ አብተው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው።

ሃዊ ጎንበስ ብላ የቲቸርን ግንባር በጣቷ ነካች። ዳማከሴው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩም ሌላ የደረቀ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ አሁን የተቀባ አይደለም። ሰዓቱን ከዋሹኝ ማዳኛው ራሱ ይገድላቸዋል።"

ጋሽ አብተው ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።

"ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቴ ቀባኋት። ሦስተኛውን ሳሽ ነው የደነገጥኩት።"

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ነበር፤ ከጀመራቸው ገና አንድ ሰዓት ተኩል።

"ደርሳችኋል" አለች ሃዊ፣ አልጋውን እየገፋች።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር ቃል አወጡ። ጋሽ አብተው እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል።

"ስን...ት ሰዓት... ነበር?"

"ሦስት ሰዓት ላይ እንቁዬ። ዋሽቼ ነበር።"

ቲቸር ግራ እጃቸውን አንስተው የባላቸውን ራስ ነካ አደረጉ።

"አለፍክ።"

ደስታውን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ከበሩ ተንጠራራሁ።

"እኔስ ቲቸር?"

ዞረው አዩኝ። ግማሽ አፋቸው ሳቀ።

"ቀር...ፋፋ።"