ገናሌን የፈለጉት ጣቶች

በሠላሳ ዓመቴ የብሬል ፊደል ያስቆጠሩኝ አጎቴ ዓይነ ስውር መምህር ነበሩ። ነገሌ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የምሠራውን ካርታ ሳይዳስሱ አያሳልፉም ነበር። እኔ በልዩ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እስላለሁ፤ ማሽኑ ሲያሞቀው ቀለም ያረፈበት መስመር ብቻ ያብጥና በጣት ይነበባል።

በአንድ የፈተና ጠዋት የቀረን አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ትኩሱን ተቀበሉኝና ጣታቸው መሃል ላይ ቆመ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ገናሌን ከብት ጠጥቶ ጨረሰው እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ወንዙ ይኸው ይታያል!»

«ለማን ነው የሚታየው?»

ደነገጥኩ። ካርታው እንዲያምር ብዬ ወንዙን በሰማያዊ እስክሪብቶ ስዬው ነበር፤ ሰማያዊው ደግሞ ሙቀት አልያዘም። በጥቁር ደገምኩበት። ወረቀቱ ሁለተኛ ሲሞቅ ሊያርር ይችላል፤ ካርታውን የምትጠብቀው ተፈታኝ ተማሪ ደግሞ በር ላይ ቆማለች። መልሼ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፤ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። ጠርዙ ጠቆር ብሎ ወጣ፤ ወንዙ ግን ተነሥቷል። እስከ ዳር በጣታቸው ተከተሉትና «ውሰጂላት» አሉኝ።

ካረፉ ወዲህ ትኩሱን ወረቀት የማቀብለው ሰው የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴ እዳስሰዋለሁ። ዓይኔ ግን ለጣቴ ቀድሞ ስለነገረው፣ ጣቴን አላምነውም።