አንድ መድኃኒት በሁለት ስም

እናቴ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ሳትታከም ቀርታ፣ በሽታው ልቧ ላይ አርፎ ነበር። ካደገች በኋላ የልቧ ትርታ መስመር አይዝም፤ ይሮጣል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይሮጣል። ሒሳብ አስተማሪ ናት። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ስታስተምር ውላ ስትገባ፣ ገና በሩ ላይ ሆና "ዛሬም ልቤ ደንብራ ዋለች" ትለናለች።

ልቧን የምትገራላት በየጠዋቱ የምትውጣት ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ክኒኗ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋች። ደግነቱ ታናሽ እህቷ የበረራ አስተናጋጅ ነበረች። አክስቴ ከአውሮፓ በተመለሰች ቁጥር መድኃኒቱን በቦርሳዋ ይዛላት ትመጣለች።

አንድ ቀን ትልቅ ብልቃጥ ሙሉ አመጣችላት።

"ምነው ይህን ያህል? ልትጠፊ ነው እንዴ?" ብላ እናቴ ሳቀች።

አክስቴ አልሳቀችም። ጥብቅ አድርጋ አቅፋ ሳመቻት፤ ደግማ ሳመቻት። ከሚቀጥለው በረራዋ አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የከሃዲ ቤት ተባለ። ትናንት "እንዴት አደራችሁ" ሲሉን የነበሩ ጎረቤቶች መንገድ መቀየር ጀመሩ። ቀበሌው እናቴን እየጠራ "እህትሽ ምን ብላሽ ሄደች? ምን ትታልሽ ሄደች?" ይላታል። "ምንም" ትላለች። ብልቃጡን ከስፌት ቅርጫቷ ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በታች ደበቀችው። ለታመመ ልብ የመጣ ክኒን እንደ ጥይት ተደበቀ።

በዚያው ክረምት እግሯ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ለዓመታት የሚያውቃት ሐኪም ታስሯል። በእሱ ቦታ ያገኘነው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ሽማግሌ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጇን ይዞ ትርታዋን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። አማርኛ ግን አያውቅም። አጠገቡ ደረቱ ላይ የፓርቲ ዓርማ የሰካ ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል።

"ጓዲት፣ ቤትዎ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ ወይ? ይላል።"

እናቴ ሐኪሙን ሳይሆን ዓርማውን አየች። እጄንም ጨበጥ አደረገችኝ።

"የለም።"

"ከዚህ በፊትስ?"

"ድሮ ነበረ። ሲጠፋ ተውኩት።"

ሐኪሙ ክኒን አዘዘላት። ስሙ ሌላ፣ ማሸጊያው ሌላ፣ መልኩም ሌላ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በራሷ ሒሳብ አከፋፈለችው። "ይኼ ለእብጠቱ ነው፤ የእህቴ ደግሞ ለልቤ" አለችኝ። ማንን ትጠይቅ? ብትጠይቅ የብልቃጡ ነገር ሊወጣ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለቱንም ዋጠች።

መጀመሪያ ምግብ አስጠላት። ቀጥሎ ያስመልሳት ጀመር፤ እኛም ብርድ ነው አልን። አንድ እሑድ ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣

"ነጠላዬን ማነው ቢጫ ያደረገው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ነጭ ነው እኮ! ትናንት ነው ያጠብኩት።"

"ቢጫ ነው። ያንቺም ፊት ቢጫ ነው።"

አባቴ የእጇን ትርታ ዳሰሰ። አንዱ ከመታ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ጠበቀ፤ ሲዘገይበት ፊቱ ጠቆረ። ባልሸሸን አንድ ጎረቤት ቮልስ ይዘናት በረርን።

ተረኛው ሐኪም የአገር ልጅ ነበር። ገና ሲያያት "የምትውጠውን ሁሉ አምጡልኝ፤ የሐኪምም ይሁን የባህል" አለ። በዚያው መኪና ቤት ተመልሼ ብልቃጡን አመጣሁና ከአዲሱ ክኒን ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱንም አንብቦ ዓይኑን ጨፈነ።

"አንድ ናቸው" አለ። "ሁለት ፋብሪካ ሁለት ስም አውጥቶለት እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። እጥፉን ስትወስድ ነው የከረመችው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ትንሽ ሲበዛ ራሱ ልብ ያቆማል። ተጠይቃ የለም ብላለች፤ ካርዷ ላይ ተጽፏል። ለምን አልተናገረችም?"

"በማን ፊት ትናገር?" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

እናቴ በማግሥቱ ሞተች።

የክኒኑ ወሬ ከሆስፒታል ደርሶት ኖሮ፣ ለቅሶው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ድንኳኑ መሀል ቆሞ "ጓዶች፣ ሕዝባችንን እየገደለ ያለው ድንቁርና ነው፤ ከየትም የመጣ ክኒን አይዋጥም" ብሎ አስተማረን። የገዛ ልጆቹን ማባዛትና ማካፈል ያስተማረችው እናቴ ነበረች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ሊቀመንበሩ ሲወጣም ብድግ ብሎ እጅ ነሳው። አባቴን ጠልቼው የማውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ያውም እስኪመሽ። ማንም ሳይታሰር ሁላችንም ቤታችን እንድናድር ብሎ እንዳደረገው ያን ጊዜም አውቄ ነበር።

አክስቴ መርዶውን የሰማችው ከብዙ ወራት በኋላ፣ በሰው በሰው ነው። ልቧ ደክሞ ሞተች ብለው ነገሯት። አልቅሳ አልቅሳ፣ "ምነው መድኃኒቷን ጨምሬ በላክሁላት ኖሮ!" አለች አሉ። እኔም ሆንኩ አባቴ እውነቱን አልነገርናትም።