ባሌ ለጥንቸሎች የሠራው ቤት

ባሌ ከወለጋ ተፈናቅለን ከወጣን ወዲህ ሚስማር መትቶ አያውቅም ነበር። እዚያ ሳለን ቤታችንን፣ ጎተራችንን፣ የጎረቤት በረት ሳይቀር የሠራ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን መጠለያው ውስጥ ሸራ ሲሰጠን ግን ጫፉን በድንጋይ ጭኖ ተቀመጠ። ጎረቤቶቻችን ጭቃ አቡክተው መረጉ፣ ደጃፋቸውን ደለደሉ። የእኛ ሸራ ከጣርማ በር በኩል በሚመጣው ነፋስ ሲርገበገብ ያድራል። ለምን ብዬ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ "ለፋሲካ አገራችን ነን። ለምንለቀው ቤት ምን ያለፋናል?" ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ "የትኛው ፋሲካ?" እለዋለሁ።

ጥንቸሎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ልብስ የማጥብላቸው የከተማ ሴትዮ፣ ልጆቻቸው ሲሰለቿቸው ጊዜ፣ "ለልጅሽ ይሁኗት" ብለው ወንድና ሴት በካርቶን ሰጡኝ። ባሌ ካርቶኑን ከፍቶ አየ።

"ይበላል?" አለኝ።

"እኛ መቼ ጥንቸል እንበላለን?"

"ይታለባል?"

"ተው እንጂ አንተ ሰው!"

"ታዲያ ምን ሊያደርግልን ነው?"

"ልጅህ ትስቅበታለች" አልኩት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከመጣን ወዲህ ጥርሷን ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካርቶኑን መልሶ ከደነው።

ሸራው ውስጥ ለእኛም ቦታ አይበቃ፣ ጭሱም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ካርቶኑን ውጭ ጥግ አስይዘን ጆንያ አለበስነው። ወለጋ ቢሆን ይበቃ ነበር፤ እዚያ የሚያሠጋው እባብ እንጂ ብርድ አይደለም። የደብረ ብርሃን ኅዳር ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣሳው ላይ የረጋውን በረዶ ሰብረን ነው ውሃ የምናጠጣቸው። ሴቷ በዚያው ወር ወለደች። ልጆቿ ጠጉር የሌላቸው፣ ቀያዮች፣ ከጣት የማይበልጡ ነበሩ። የካርቶኑ ሥር ከመሬቱ እርጥበት ስቦ ኖሮ በማግስቱ ሁሉም በብርድ ደርቀው ሞተው አገኘናቸው።

ልጄ አላለቀሰችም። "አባዬ፣ ቤት ትሠራላቸዋለህ?" አለችው።

"ለፋሲካ ይዘናቸው እንሄዳለን። እዚያ እሠራላቸዋለሁ።"

ቀና ብላም አላየችው። ያን ቀን ባሌን ጠላሁት።

እኔው ራሴ ጭድ ለምኜ ካርቶኑን መጠቅጠቅ ጀመርኩ። አንዷ ጎረቤቴ የሚወዛወዘውን ሸራችንን እያየች "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ሴቷ ጥንቸል እንደገና አረገዘች። አንድ ጠዋት ባሌን ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጥንቸሏ ከገዛ ሆዷ ላይ ጠጉሯን በጥርሷ እየነጨች ጥጉ ላይ ታነጥፋለች፤ የሆዷ ቆዳ ተገልጧል።

"እያት" አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። "ሌላ ነገር የላትም። ከራሷ ነቅላ ነው የምታነጥፍላቸው።"

ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር።

የለመነውን ለምኖ፣ የወደቀውን ለቃቅሞ ሠራው። ወለሉ መሬት እንዳይነካ በድንጋይ ከፍ አድርጎ ጣውላ ረበረበ፤ ሽንታቸው እንዲወርድ ትንሽ ዘንበል አደረገው። ግድግዳውን ድርብ አቁሞ መሃሉን በጭድ ጠቀጠቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ተቸገረ፤ እዚህ የጠዋቷ ፀሐይም ነፋሱም የሚመጡት ከምሥራቅ ነው። ብዙ ካሰበ በኋላ ወደ ደቡብ አዞረው። የውስጡ ክፍል ጨለማና ጠባብ ነው፣ ለመውለጃ፤ የፊቱ ደግሞ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በድርብ ሽቦ የታጠረ፣ ለመፈንጫ። ከቆርቆሮው ሥር ጭድ አለበሰ፤ ውርጩ ሲቀልጥ እንዳያንጠባጥብባቸው ነው። ከጣሪያው በታች ግን ክፍተት ተወ። "ልድፈነው?" ስለው "አይሆንም፤ የታፈነ እርጥበትም ይገድላል" አለኝ። ጎረቤቶች መጥተው እያዩ "ከእናንተ ቤት ይሻላል፣ ለምን አትከራዩትም?" ይላሉ። እሱ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ መዶሻውን ያነሳል። እጁ ሥራውን አልረሳም። ሳየው ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጥንቸሏ ወለደች፤ ልጆቿም ተረፉ። ጠጉር አወጡ፣ ዓይናቸውን ገለጡ። ልጃችን ሽቦው ላይ ተለጥፋ ትውላለች፤ ሳቋ እኔ ውሃ እስከምቀዳበት ድረስ ይሰማል።

ከዚያ አንድ ቀን ከልብስ አጠባ ስመለስ ባሌ ዶማ ይዞ የጥንቸሎቹን ቤት ዙሪያ ይቆፍራል። የጣሪያውንም ክፈፍ በአንድ ክንድ አስረዝሞታል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አልኩት።

"ቦይ ነው።"

"በጥር? ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ?"

ከቁፋሮው ቀና ሳይል "ለሐምሌ ነው" አለ። "ሐምሌ ላይ ጎርፉ ከላይ በኩል ነው የሚመጣው። ይሄን ስጨርስ የእኛንም እቆፍራለሁ፤ ግድግዳውንም እመርገዋለሁ።"

ሐምሌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያንን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ስንት ዘመን ስነዘንዘው የኖርኩት ይህንኑ እንዲል ነበር፤ አሁን ሲለው ግን ሸራው ውስጥ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። የትኛው ፋሲካ እያልኩ ስቀልድበት፣ አገሬ እንደምገባ የማምነው በእሱ አፍ እንደነበር አላውቅም ነበር።