ለምሳሌ የተጠራ ስም

ወንድሜ ክንፈሚካኤል ካረፈ ወዲህ ስለ ሥራው የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። በሕይወት ሳለም ለጎረቤት ማስረዳት ያቅተኝ ነበር። «ምንድን ነው የሚሠራው?» ሲሉኝ «ማኅበሮችን ይመክራል» እላለሁ። «ምን ብሎ?» ይሉኛል። «ስለ ከርሞ አስቡ ብሎ» እላለሁ። «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1959 ዓ.ም. ግድም በእኛ በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋና በቡሬ ዙሪያ ሰዎች ተሰባስበው ገንዘብ የሚያስቀምጡባቸው፣ ሲቸግራቸውም የሚበደሩባቸው ማኅበሮች አንዳንድ ቦታ ተጀምረው ነበር። የቁጠባና ብድር ማኅበር ይሏቸዋል። ገበሬው ዕቁብን ያውቃል፤ ተራው ሲደርሰው ይወስዳል። ይህኛው ግን ገና ያልመጣውን ነገር ቁጭ ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ወንድሜን ማኅበሮቹን የሚያደራጀው መሥሪያ ቤት የቀጠረው ለዚሁ ነበር። በበቅሎ ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ አባላቱን ከዋርካ ሥር ይሰበስብና የሚመጡትን ሦስት ዓመታት ያሳስባቸዋል። ዝናብ ቢዘገይ ማን ዘር ያገኛል? በሬ ቢሞት በምን ይተካል? እኔን ይዞኝ የሚሄደው ሴቶቹ ከእሱ ጋር ደፍረው ስለማያወሩ ነው። ከኋላቸው ተቀምጬ የሚሉትን እሰማለሁ፤ ማታ ለእሱ እነግረዋለሁ።

ሥራው ከባድ የሆነው ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በአገራችን ክፉን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ክፉን ይጠራል ይባላል። ስለ ሞት ማውራት ግድ ከሆነ አስቀድሞ «አያድርገውና» ይባላል፤ እንደ አጥር ነው፣ ነገሩ ወደ ሰውየው እንዳይሻገር። ወንድሜ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ቅኔ ቤት ያደገ የቡሬ ገበሬ ልጅ ነው። ነገር ግን ሥራ ሲጀምር «አያድርገውና» ካልሁ በኋላ ሰው ጆሮውን ይዘጋል ብሎ ተወው። በሬ ቢሞት ከማለትም «በሬህ ሞተ እንበል» ማለት ጀመረ። ሰዎቹ ያን ጊዜ እውነትም ነቅተው ያዳምጡት ነበር።

በዚያ ዓመት በጥር ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ አጥቢያ ተሰብስበን ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኔታ አድማሴ የሚባሉ የደብሩ መሪጌታ ናቸው። የዕለቱ ጉዳይ ማኅበሩ ለተዝካር ያበድር ወይስ አያበድር የሚል ነበር። ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ የሚደገሰው ድግስ ብዙ ቤት አራቁቷል። ወንድሜ ብድሩ ለበሬ፣ ለዘርና ለሕክምና ብቻ ይሁን ባይ ነው። ሰው ግን አንገቱን ደፋ። የሙት ጉዳይ ነውና ማንም አልደፈረውም።

ወንድሜ ዙሪያውን አየና ዓይኑ እንዳለው ላይ ዐረፈ። እንዳለው ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ የተሰበሰበውን ሁሉ የሚያስቅ ጎልማሳ ነው። ሚስቱ ታንጉት ከእኔ አጠገብ ተቀምጣለች።

«እስቲ ለምሳሌ» አለ ወንድሜ፣ «አያ እንዳለው ሞተ እንበል።»

እመት ካሰች የሚባሉ አሮጊት አማተቡ። «ኧረ ጌታው፣ ምን በደለህ?»

እንዳለው ሳቀ። «ተዉት እንጂ እመት! እኔን የሚጥል ሞት ገና መች ተወለደና።»

«ሞትህ» አለ ወንድሜም እየሳቀ። «ታንጉት ከማኅበሩ ተበድራ ተዝካርህን አወጣች። አገር በላ፣ አገር ጠጣ። ብድሩን ለመክፈል በሬ ሸጠች። ክረምት ገባ። በምን ታርሳለች?»

«በየኔታ!» አለ እንዳለው። «አንገታቸው ወፍራም ነው፣ ቀንበር ይችላል።»

የኔታ አድማሴ ሳይቀሩ ሳቁ። «አንተ ከይሲ! ለፍትሐትህ ስትመጣ እንገናኛለን!»

«አይ የኔታ፣ እኔ ስሞት ከማኅበሩ ሳንቲም እንዳታበድሯት። ዳቦና ጠላ ይበቃኛል። እናንተ ካህናትም ትንሽ ክሱ!» ብሎ እጁን ከሁሉ በፊት አወጣ። እሱ ሲያወጣ ሌላውም አወጣ። ለተዝካር ብድር እንዳይሰጥ ተወሰነ።

ታንጉት ብቻ አልሳቀችም። «አያድርገውና እንኳ አላለም እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። ስንመለስ በመንገድ ለወንድሜ ነገርኩት። «ማንም አልተቀየመም፤ እሱ ራሱ ሲስቅ አላየሽም?» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። አንድ ማኅበር እንዲያ በአንድ ልብ ሲወስን አይቶ አያውቅም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከጅጋ ገበያ ሲመለስ በቅሎዋን ሳያራግፍ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እንዳለው ሞተ» አለኝ።

«የትኛው እንዳለው?»

«እኔ የገደልሁት።»

ወደ ብር ወንዝ ቆላ የሞፈር እንጨት ሊቆርጥ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመልሷል፤ ሳይውል ሳያድር ሞተ። «ንዳድ እኮ ነው የገደለው» አልኩት።

«ንዳድ መሆኑን አውቃለሁ። እነሱም ያውቃሉ። ማን ጠራበት ነው የሚሉት።»

«ምነው ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እሱን መረጥህ?»

«ጤነኛው እሱ ነዋ። ማንም ይሞታል ብሎ የማይጠረጥረው እሱ ነበር። እንዲስቁልኝ ብዬ ነው።» ከዚያ ወጥቶ በቅሎዋን አራገፈ። ያቀረብሁለትን ሽሮ ሳይነካው ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ታንጉት ዘሩ የሚባል ወንድሟን አስከትላ ከቤታችን መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ ነበር። ውኃ ሰጠኋት፤ ከንፈሯን አርሳ መለሰችልኝ። ወንድሜ ቆሞ ነው የሰማት።

«ማኅበሩ ለተዝካር አይሰጥም አሉኝ። ያለኝ ሁለት በሬ ነው። ካላበደሩኝ አንዱን አርጄ ነው የማወጣው። በአንድ በሬ ደግሞ የሚታረስ መሬት የለም። እንዳለው ሲቀልድ እንደነበረ አንተም ሰምተሃል። መጥተህ ቀልድ ነው በልልኝ።»

«ድግሱን አሳንሰሽ ብታወጪውስ?» አለ ወንድሜ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

ዘሩ ብድግ አለ። ታንጉት በእጇ አስቀመጠችው። «አማካሪው ሟርቶ ገደለው፣ ሚስቱ ደግሞ በዳቦ ሸኘችው ይበሉኝ? በቁሙ አገር ያበላ ሰው እኮ ነው።»

«እመጣለሁ» አላት።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በዚያው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ነበርሁ። ወንድሜ በበጎ ቀን ሲናገር ቃል አያጥረውም፤ ያን ቀን ግን ተንተባተበ። ውሳኔው የእሱ ምክር እንደነበረ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ተናግሮ፣ ለዚች አንዲት ሴት ብቻ እንዲላላላት ለመነ።

የኔታ አድማሴ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ልጄ፣ እንዳለው በሕይወት ቢኖር ውሳኔውን ዛሬውኑ እንሽረው ነበር። አሁን ግን የሟች ቃል ሆነ። አታበድሯት ብሎ ሞተ፤ ኑዛዜ ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

«ሲቀልድ እኮ ነው የኔታ! ሁላችሁም ስቃችኋል።»

«አንተስ የዚያን ዕለት ስትቀልድ አልነበረም?»

ወንድሜ ወደ ታንጉት ዞር አለ።

«አንዱ ቀልድ ደረሰ» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ሁለተኛውን በምን ድፍረት እናፍርሰው? የሙት ቃል አፍርሶ ደግሞ በቤቱ የሚመጣበትን የሚችል ካለ ይነሣ።»

የተነሣ አልነበረም። ይልቅስ እመት ካሰች ከኋላ ሆነው «ለመሆኑ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትጠራ ነው የመጣኸው?» አሉት። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ገበሬዎች ዓይኑ እንዳያርፍባቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሲበተን ታንጉትን ተከትሎ ከደጀ ሰላሙ አጥር ደረሰባት። ከደመወዙ ልስጥሽ ብሎ በሬዋን እንዳታርድ ለመናት።

«አይሆንም ጌታው» አለችው፣ አንገቷን ደፍታ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአንተ እጅ ግን ለእንዳለው ተዝካር ምንም አይገባም።»

በግንቦት መጀመሪያ አንደኛው በሬ ታረደ። ድግሱ ትልቅ ነበር፤ ከሩቅ አጥቢያ ሳይቀር ካህናት መጥተዋል። ወንድሜ ብቻውን ሄደ። በእኛ አገር ከተዝካር ማንም ተከልክሎ አይመለስም፤ ዳስ ግባ ብለውታል። እሱ ግን ከውጭ ከነዳያን ጋር ተቀመጠ።

«በላህ?» አልኩት ሲመለስ።

«በላሁ። ባልበላ ሌላ ስድብ ይሆንባታል።» ጋቢውን እያወለቀ «የበሬውን ሥጋ አቀረቡልኝ» አለ።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ፈጠነ። ከጅጋ ገበያ የሚመጡ ሴቶች የታንጉት ማሳ እንዳልተነካ ነገሩኝ። ጎረቤቱ ክፉ ሆኖባት አይደለም፤ ሁሉም አስቀድሞ የራሱን ያርሳል፣ ከበሬዋ ጋር ተጣምሮ የሚጠመድ መቀናጆ የሚያውሳት የራሱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የበቆሎው ጊዜ ያልፋል። ለወንድሜ ነገርኩት። በማግስቱ ወደ ቡሬ፣ ወደ አባታችን ቤት ሄደ።

አባታችን ገብረ ሕይወት ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ኋላ እንደነገሩኝ ንግግራቸው አጭር ነበር። በሬ አውሱኝ ሲላቸው «ለማን ነው?» ቢሉት «ባሏ ለሞተባት ሴት» አላቸው። «ዘመዳችን ናት?» «አይደለችም።» «ታዲያ ምን አደረግሃት?» ወንድሜ መሬት መሬት አየ። አባታችንም ተነሥተው የአንዱን በሬ ገመድ ሰጡት።

ያንን በሬ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሩ እየነዳ አመጣው። በቅሎዋ ላይ እንኳ አልተቀመጠም። እኛ ዘንድ አሳድሮት ወደ ጅጋ ሲነሣ እኔም ተከተልሁት። መንገዱ ጭቃ ነበር። የሚያልፈው ሰው «ለገበያ ነው?» እያለ ይጠይቀዋል፤ «አይደለም» እያለ ያልፋል።

ዘሩ የታንጉት አጥር በር ላይ ቆሞ ነበር። ዱላውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«መቀናጆ። ዘር እስኪያልቅ ይቆይላችሁ። የአባቴ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።»

ታንጉት ወጣች። ወንድሜን አላየችውም። በሬውን ዞረችው፤ ትከሻውን ዳበሰች፣ ሰኮናውን ጎንበስ ብላ አየች። ቀንበር የለመደ መሆኑን ጠየቀች። «ለምዷል» አለ ወንድሜ።

«ማን ትሉታላችሁ?»

ወንድሜ አፉን ከፈተና ስሙን መጥራት ተወ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ንገሪያት እናኑ» አለኝ። ስሙን ነገርኳት። ታንጉት ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ፊቷ አልተፈታም፣ አልጠቆረምም።

«በሬው ይግባ» አለች ለዘሩ።

ዘሩ ገመዱን ተቀበለ። ወንድሜ ከበሩ ውጭ ቆሞ ቀረ፣ እኔም ከእሱ ጋር።

«ዘር ሲያልቅ መጥቼ ልውሰደው?» አላት።

«ወንድሜ ዘሩ ቡሬ ድረስ ያደርሰዋል። አንተ አትድከም።» ይህን ብላ ገባች።

ጥቂት ሄድ እንዳልን ዘሩ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ወደ ማሳው ሲወርድ አየነው። የእኛው መጀመሪያ አንገራገረ፣ ከዚያ ገፋ። ወንድሜ ጭቃው ላይ ቆሞ አንዱ ትልም ዳር ደርሶ እስኪዞር ጠበቀ።

«ይስባሉ» አለኝ። ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን።