የቡቺ አጥንት ተቆጠረ

ዛሬ ውሻዬ ቡቺ አማች ሆነ። እኔ ያልቻልኩትን ማለት ነው።

ጋሽ ሞላ ከባሕር ዳር ላመጧት ነጭ ትንሽዬ ውሻ ዘረ ንጹሕ ወንድ ሲያፈላልጉ ከርመው ጠዋት እኛ በር መጡ። የቡቺን ከንፈር ገልበው ጥርሱን አዩ፤ ጆሮውን ሳብ አደረጉ፤ ቁመቱን በስንዝር ለኩ።

«አጥንቱስ?» አሉኝ።

«ሙሉ ነው ጋሼ፣ አንድም አልጎደለው።»

«አንተ ቀልደኛ! ዘሩን ነው የምልህ!»

እኔም ቆጠርኩላቸው። አባቱ የአዲስ አበባ፣ አያቱ የአምባሳደር ውሻ፣ ቅድመ አያቱ በአውሮፕላን የመጣ። (ቡቺን ያነሳሁት ከሥጋ ቤት ጓሮ ነው።)

«ይሄማ የጨዋ ልጅ ነው!» ብለው አቅፈውት ሄዱ።

አምና ለልጃቸው ሽማግሌ ልኬ ነበር። ያኔ አልዋሸሁም። እኛ ባለእጆች ነን፤ አያቴ ማረሻ ቀጥቅጦ ነው ያሳደገን። ጋሼ «አጥንቱ አይሆንም» ብለው ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ መለሱ። ልጅቱን ጥር ላይ ለሌላ ዳሩ።

የእኔንማ ጥርስ እንኳ አላዩም። የሚያርሱት ግን ዛሬም በአያቴ ማረሻ ነው።

እናንተስ፣ አጥንታችሁ ተቆጥሮ ከደጅ የተመለሳችሁ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቡቺ ከጫጉላው ሲመለስ አነብለታለሁ።