በገዛ እግሩ የወረደ ሰው

በቀብሩ ዋዜማ ከእኔ ሌላ በክፍሉ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሟቹ ባለቤት፣ የበኩር ልጁና የዕድራችን ሰብሳቢ። ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሟቹ ሸማኔና የረጅም ዘመን ጎረቤቴ ነበር። ሰብሳቢው በቀብሩ ላይ የሚያነበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የተጠየቅሁት የቋንቋ መምህር ስለ ነበርሁ ነው። ከማስተማር ከተገለልሁ ወዲህ በሰው ጉባኤ ፊት ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ምክንያቱ የራሴ ነው።

የጻፍሁትን አነበብሁላቸው። «ከፋብሪካ ኃላፊነታቸው ወርደው ወደ ሸማ ጉድጓድ ገቡ» ከሚለው ስደርስ ልጁ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይተዉልኝ። ነገ አማቾቼ ይመጣሉ። የወረደ ሰው ልጅ ነው እንዲሉኝ ነው?»

«ምን ይባል ታዲያ?»

«ወደ ግል ሥራ ተሸጋገሩ ይበሉት፣ በቃ።»

ሰብሳቢው ደገፈው። «ለሟች መውጣቱ እንጂ መውረዱ ይነበባል እንዴ? እርስዎም ስንት ዓመት ዝም ብለው፣ አፍዎ የሚፈታው ለቀብር ነው?»

ሟቹ ያን ወንበር የተወው በፋብሪካው አብረውት የኖሩ ሸማኔዎችን እንዲያሰናብት ታዝዞ እምቢ ስላለ ነው። ማንም አልገፋውም። ከዚያ ከሚስቱ ጋር የቤታቸውን ወለል ቆፈሩ፤ የእጅ ሸማኔ እግሩን ወደ ጉድጓድ ሰድዶ ነውና የሚሠራው። ሕመም እስኪጥለው ድረስ በየማለዳው ወረደበት።

ቋንቋችን ለዚህ ቃል አላጣም። የወደቀ ሰው የወደቀው ሳይፈልግ ነው። የተንሸራተተውን መሬቱ ከድቶታል፤ የዘቀጠ ካለበት አይነሣም። የወረደ ግን የሚረግጠውን እየመረጠ የሄደ ነው። በዚህ ዳገት የኖረ ሁሉ ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ መሆኑን ያውቃል። «ተሸጋገሩ» ብንል ሰውየውን ሳንቀብር እምቢታውን እንቀብረው ነበር።

«አልሰርዝም» አልሁ።

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ።

«ዶማውን የያዝሁት እኔ፣ አፈሩን ያወጣው እሱ» አሉ። «አንተም የበላኸው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ምኑን ነው የምትደብቀው?»

«እኔ እንኳ አላነብም» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ አነበዋለሁ» አልሁ።

በማግስቱ መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አነበብሁት። «ወርደው» ከሚለው ስደርስ ቀና ብዬ አማቾቹን እያየሁ አነበብሁ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። አማቾቹ አፈሩ ሳይመለስ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ልጁም ሊሸኛቸው ተከትሎ በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ለመመለስ ታክሲ ተጋፋ።

ባለቤቱ አልተነሡም። ያኔ አላሰናብትም ያላቸው ሸማኔዎች፣ ዛሬ ሁሉም ሽበታሞች፣ አካፋውን ከቆፋሪዎቹ ተቀብለው አፈሩን ራሳቸው መለሱ። እነሱ አምስት፣ ባለቤቱና እኔ፤ የቀረነው ሰባት ነን።